የማን አጥንት ነው?



በዚህ ጽሑፍ ላነሣው የፈለግሁት ጥያቄ ከመጽሐፍ የተገኘ አይደለም፤ ከእርሻ የተገኘ ነው። ባለፈው የእርሻ ወራት አንድ ጎረቤታችን የሆኑ አባት ከጎሊና ወንዝ ማዶ የማሽላ ማሳቸውን ሲያርሱ ማረሻው አንድ ነገር ገለበጠ። ድንጋይ መስሏቸው ጎንበስ ቢሉ የሰው የጭን አጥንት ሆኖ አገኙት። አጠገቡም የላስቲክ ጫማ ቍራጭ ነበረ። በሬዎቹን አቁመው፣ አማትበው፣ አጥንቱን በነበረበት ቦታ መልሰው አፈር አለበሱት። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ነገሩን ለሰዎች ሲያወጉ እኛም ቆመን ሰማን።

ወዲያው ክርክር ተነሣ። አንድ ሽማግሌ፣ «ደግ አደረግህ፤ የሞተ ሰው ዐርፏል፤ አፈር የያዘውን አፈር ይያዘው» አሉ። ሌላው ደግሞ፣ «የለም፤ ለመንግሥት ይነገርና ዐዋቂ መጥቶ ይመርምረው። የሰው ልጅ ነው፤ የሚፈልገው ወገን አያጣም» አሉ። አንድ ጐልማሳ ግን ሁላችንም በልባችን የያዝነውን ነገር በአፉ አወጣው። «መጀመሪያ የማን እንደ ሆነ ይታወቅ እንጂ! የእኛ ነው ወይስ የእነርሱ?» አለ።

ያን ጊዜ ሁሉም ዝም አለ። እኔም ዝም አልሁ። ወደ ቤቴ ስመለስ ግን ጥያቄው አልለቀቀኝም። የሞተን ሰው አጥንት ከመቃብር አውጥቶ መመርመር ተገቢ ነውን? ተገቢ ከሆነስ ለማን ተብሎ ነው? «የማን ነው?» ብለን ስንጠይቅስ የምንፈልገው ምንድን ነው? የሟቹን ስም ነው ወይስ የሟቹን ወገን? እነዚህ ሁለቱ አንድ አይደሉም። እኔ የምለውም በዚህ ልዩነት ላይ የቆመ ነው።

በመጀመሪያ የምንኖርበትን ምድር እናስብ። ቆቦና የራያ ቆላ ከጥንት ጀምሮ የመንገድ አገር ነው። ከሰሜን ወደ ደቡብ፣ ከደቡብ ወደ ሰሜን የሚሄድ ጦር ሁሉ በዚህ ሜዳ ያልፋል። መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በማይጨው የተዋጋው የአገራችን ሠራዊት ወደ ኋላ ሲመለስ በአሸንጌ ሐይቅ ዳር ከአውሮፕላን በቦምብና በመርዝ ጋዝ ተደበደበ፤ ብዙው እዚያው ቀረ። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ድርቁ ወሎን ሲመታ፣ በ1977 ዓ.ም. ደግሞ ከበላያችን ባለችው በኮረም ረኃብተኛው በሺህ ሲሰበሰብ፣ ከተቀበሩት መካከል ቀባሪያቸው ስማቸውን እንኳ ያልጠየቃቸው ብዙዎች ናቸው። እንግዲህ አፈራችን ማሽላና ጤፍ ብቻ አይደለም የያዘው፤ ስማቸው የጠፋ ሰዎችንም ይዟል።

ወደ ራሳችን ዘመን ስንመጣ ደግሞ ሁላችንም የምናውቀው ነው። ጳጉሜን 4 ቀን 2013 ዓ.ም.፣ የዘመን መለወጫ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ በከተማችን በቆቦ ያልታጠቁ ሰዎች ተገደሉ። ሂዩማን ራይትስ ዎች የተባለው ድርጅት በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ባወጣው ዘገባ፣ የትግራይ ኃይሎች በዚያን ቀን በአራት የተለያዩ ቦታዎችና ጊዜዎች 23 ሰዎችን ያለ ፍርድ እንደ ገደሉ ገልጿል። አምነስቲ ኢንተርናሽናልም በየካቲት 2014 ዓ.ም. ከሰማይ በሳተላይት የተነሡ ሥዕሎችን መርምሮ፣ ነዋሪዎች «ሬሳዎቻችንን ቀበርን» ባሉበት በቅዱስ ጊዮርጊስና በቅዱስ ሚካኤል አብያተ ክርስቲያናት አጥር ግቢ አዲስ የመቃብር ምልክት ማየቱን ተናግሯል። ነሐሴ 18 ቀን 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ እንደ ገና ሲቀሰቀስም መነሻው በዚሁ በቆቦ አካባቢ ነበር። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ ስምምነቱ እስኪፈረም ድረስ በሜዳውና በተራራው የወደቀውን ማን ቈጥሮ ይጨርሰዋል?

ይህን ስል የእኛን ብቻ አልቈጥርም። በአክሱም ኅዳር 19 እና 20 ቀን 2013 ዓ.ም.፣ በጽዮን በዓል ዋዜማ፣ የኤርትራ ወታደሮች ብዙ ሰላማዊ ሰዎችን እንደ ገደሉ፣ ሬሳ እንዳይነሣም ከልክለው እንደ ነበረ አምነስቲ ባወጣው ሌላ ዘገባ ተጽፏል። በጥቅምት 2016 ዓ.ም. ደግሞ በትግራይ ለወደቁት ተዋጊዎች ቤተሰቦች በይፋ መርዶ ሲነገር፣ በየቤቱ ስም ደረሰ፤ አጥንት ግን አልደረሰም። አንዲት እናት ልጇ መሞቱን ብትሰማ የት እንደ ወደቀ ካላወቀች ልቅሶዋ ግማሽ ነው።

በሰፈራችን ያሉ አንዲት እናት ይህን በደንብ አስረድተውኛል። ልጃቸው በጦርነቱ ጊዜ ከቤት እንደ ወጣ አልተመለሰም። «ልጄ፣ የክርስትና ስሙን ለቄሱ ስሰጥ እጄ ይንቀጠቀጣል። ከሕያዋን ጋር ይጸለይለት ብል ሞቶ እንደ ሆነ ፍትሐቱን አስቀረሁበት። ከሙታን ጋር ይጸለይለት ብል በሕይወት እንደ ሆነ በቁሙ ቀበርሁት» አሉኝ። እርማቸውን አላወጡም፤ ተዝካር አላወጡም፤ ጥቁር አልለበሱም፤ ነጩንም በደስታ አልለበሱም። የአጥንት ምርመራ ማለት ለእኚህ እናት የትምህርት ጉዳይ አይደለም። የልጃቸውን ስም ከየትኛው መዝገብ እንደሚያስገቡት ማወቅ ነው።

ለመሆኑ አጥንት ምን ይናገራል? ይህን የሚያጠና ፎረንሲክ አንትሮፖሎጂ የሚባል ሙያ አለ። ባለሙያዎቹ የሰውን ዐፅም መርምረው ለፍርድ ቤትና ለቤተሰብ ምስክርነት የሚሰጡ ናቸው። አንድ ዐዋቂ ሰው 206 አጥንቶች አሉት፤ እያንዳንዱም የሚመሰክረው አለው። የዳሌ አጥንት ወንድ ወይም ሴት መሆኑን ይናገራል፤ የሴት ዳሌ ለመውለድ እንዲመች ሰፋ ያለ ነውና። ጥርስ የሕፃንን ዕድሜ ይናገራል። የአንገት ሥር አጥንት በደረት በኩል ያለው ጫፉ ተጋጥሞ የሚያልቀው ከሃያ ዓመት በኋላ፣ አንዳንዴም እስከ ሠላሳ ዓመት ቈይቶ ስለ ሆነ፣ ሟቹ ጐረምሳ ወይም ጐልማሳ መሆኑን ይለያል። የጭን አጥንት ርዝመት ቁመቱን ያስገምታል። በልጅነቱ ከበቅሎ ወድቆ ክንዱን የተሰበረ እንደ ሆነ፣ ጠጋኝ ያሸው፣ የዳነ ስብራት እብጠቱ በአጥንቱ ላይ ሊቀር ይችላል። እናቲቱ «ልጄ በሰባት ዓመቱ ግራ ክንዱ ተሰብሮ ነበር» ብላ የተናገረችው ቃል ከዚያ እብጠት ጋር ሲገናኝ፣ ስም ወደ ባለቤቱ መመለስ ይጀምራል። ከጥርስ ወይም ከጭን አጥንት የሚወሰደው ዲኤንኤ ከእናት ደም ጋር ተመሳክሮ ነገሩን ያጸናዋል።

የአሟሟትም ነገር አለ። ሰው በሕይወት ሳለ ወይም በሞተበት ሰዓት የተሰበረ አጥንት እርጥብ ስለ ሆነ አሰባበሩ እንደ እርጥብ እንጨት ነው። ከብዙ ጊዜ በኋላ በማረሻ ወይም በአካፋ የተሰበረው ግን እንደ ደረቅ እንጨት ነው፤ የስብራቱም ጠርዝ ከቀረው አጥንት ይልቅ ነጣ ይላል። የጥይት ቀዳዳ በራስ ቅል ላይ በገባበት በኩል ከውጭ ጠባብ፣ ወደ ውስጥ ሰፊ ነው፤ በወጣበት በኩል ደግሞ ተገላቢጦሽ ነው። ስለዚህ ዐዋቂ ሰው ሟቹ ከፊት ተመታ ወይስ ከኋላ ብሎ መለየት ይችላል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ከፊቱ የተመታ ሰው ሲዋጋ ሞቶ ሊሆን ይችላል፤ እጁ ታስሮ ከማጅራቱ የተመታውን ግን «በውጊያ ሞተ» ብሎ መዋሸት ያስቸግራል።

ነገር ግን አጥንት የማይናገረውም አለ፤ ወጣቶች ሆይ፣ ይህን ልብ በሉልኝ። በምድራችን አማርኛ፣ ትግርኛ፣ ኦሮምኛና አፋርኛ የሚናገር ሰው አብሮ ኖሯል፤ ተጋብቷል፤ ተዋልዷል። ከአንድ እናት ልጆች አንዱ በቆቦ፣ አንዱ በዋጃ፣ አንዱ በአላማጣ ጎጆ ወጥቷል። የትኛውም ሊቅ የጭን አጥንት አንሥቶ «ይህ አማራ ነው፣ ይህ የትግራይ ሰው ነው፣ ይህ ኦሮሞ ነው» ሊል አይችልም። አጥንት ቋንቋ የለውም። ጫማውም ቢሆን ታጋይም ገበሬም የሚጫማው የላስቲክ ጫማ ነው። «ማተብ ቢገኝበትስ?» ትሉ ይሆናል። በሁለቱም ምሽግ ማተብ ያሰረ ነበረ፤ በሁለቱም ምሽግ ሙስሊም ወንድማችን ነበረ። እንግዲህ ያ ጐልማሳ «የእኛ ነው ወይስ የእነርሱ?» ብሎ ለጠየቀው አጥንቱ መልስ የለውም። «ስሜ ማን ነው? እናቴ ማን ናት?» ለሚለው ግን መልስ ለመስጠት ዝግጁ ነው። ሳይንሱ ራሱ ትክክለኛውን ጥያቄ እየመረጠልን ይመስለኛል።

ሊቃውንቱም ቢሆኑ ከአጥንቱ በላይ ሊናገሩ አይገባም። የድንቅነሽን ነገር ውሰዱ። ከእኛ በስተ ምሥራቅ በአፋር ምድር በሐዳር የተገኘችው ድንቅነሽ 3.2 ሚሊዮን ዓመት የሆናት ናት ይላሉ፤ ከዐፅሟ 40 በመቶ ያህሉ ተገኝቷል። በ2008 ዓ.ም. አንዳንድ ሊቃውንት የአጥንቷን ስብራት መርምረው «ከዛፍ ወድቃ ነው የሞተችው» ሲሉ፣ ያገኛት ዶናልድ ዮሐንሰን ራሱና ሌሎች ደግሞ «ስብራቱ ከሞተች በኋላ የደረሰ ሊሆን ይችላል» ብለው ተከራከሩ። ለብዙ ዓመታት በብዙ ሊቃውንት የተመረመረ አጥንት እንዲህ የሚያከራክር ከሆነ፣ እኛ በእርሻ መካከል ቆመን በአንድ ዕይታ ገዳዩንም ተገዳዩንም ለመናገር መቸኰላችን ምን ይባላል?

ስለ ድንቅነሽ ካነሣሁ አንድ የሚያስገርመኝን ነገር ልጨምር። ድንቅነሽ የተገኘችው ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው። በዋዜማው፣ ኅዳር 14 ቀን ምሽት፣ ደርግ በአዲስ አበባ ስድሳ የሚሆኑ ባለሥልጣኖችን ያለ ፍርድ ረሽኖ በአንድ ጉድጓድ ጨምሯቸው ነበር። በአንድ በኩል ዓለም ሁሉ በሚሊዮን ዓመታት ለሚቈጠር አጥንት ስም ሲያወጣ፣ በሌላ በኩል ትናንት ስም የነበራቸው ሰዎች ስም እንዳይኖራቸው አፈር ተመለሰባቸው። ቤተሰቦቻቸው አጥንታቸውን አስወጥተው በመንበረ ጸባዖት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ያስቀበሩት ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው። በ1971 ዓ.ም. የተገደሉት ፓትርያርክ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ቴዎፍሎስም አጥንታቸው ተገኝቶ በጎፋ ገብርኤል በክብር ያረፈው በ1984 ዓ.ም. ነው። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዐፅም በቤተ መንግሥት ግቢ ከተገኘ በኋላ በሥርዓት የተቀበረው ጥቅምት 26 ቀን 1993 ዓ.ም. ነው። አጥንቱ የእርሳቸው መሆኑን እስከ መጨረሻው ያልተቀበሉ ብዙ ራስ ተፈሪያን ግን በጃማይካ አሉ።

በቀይ ሽብር ጊዜ ለተገደሉት ወጣቶች ደግሞ ሌላ መንገድ ተሞከረ። በ1984 ዓ.ም. የተቋቋመው የልዩ ዐቃቤ ሕግ ጽሕፈት ቤት የአርጀንቲና የፎረንሲክ አንትሮፖሎጂ ቡድንን ወደ አገራችን ጠርቶ መቃብሮች በሥርዓት ተከፈቱ። በአዲስ አበባ አካባቢ ከተከፈተው አንዱ ጉድጓድ ውስጥ በዐፅሞቹ አንገት ላይ የታነቁበት የናይለን ገመድ እንዳለ ተገኘ። ሥጋው ፈርሶ፣ ገዳዩ ክዶ፣ ገመዱ ግን ቀርቶ መሰከረ። ታኅሣሥ 4 ቀን 1987 ዓ.ም. የተጀመረው የደርግ ባለሥልጣኖች ክስ ታኅሣሥ 3 ቀን 1999 ዓ.ም. በጥፋተኝነት ፍርድ ሲደመደም እንዲህ ያለው ማስረጃ ከሰው ምስክርነትና ከመዝገብ ጋር አብሮ ቀርቦ ነበር።

የእነዚያ አርጀንቲናውያን ታሪክ በተለይ ለእኛ ለወጣቶች ይጠቅማል። በአገራቸው የወታደር መንግሥት በአውሮፓ አቈጣጠር ከ1976 እስከ 1983 ብዙ ሺህ ሰዎችን አጥፍቶ ነበር። መንግሥቱ ሲወድቅ መቃብሮቹ በችኰላ፣ በአካፋና በመኪና ተቈፈሩ። የአንዱ አጥንት ከሌላው ተደባለቀ፤ ማስረጃውም ጠፋ። ልጆቻቸውንና የልጅ ልጆቻቸውን የሚፈልጉ አያቶች ግን ጩኸታቸውን አላቆሙም። በ1984 ክላይድ ስኖው የተባለ አሜሪካዊ ሊቅ መጥቶ የሚረዳው ሲፈልግ እሺ ያሉት ገና በትምህርት ላይ ያሉ ጥቂት ተማሪዎች ነበሩ። እነርሱ በብሩሽና በማንኪያ አፈር እየጠረጉ የጀመሩት ሥራ ነው ከዐሥር ዓመት ያህል በኋላ እስከ ኢትዮጵያ የደረሰው። የቸኰለ እጅ ያጠፋውን የታገሠ እጅ አዳነው ማለት ነው።

አሁን ወደ ተቃውሞዎቹ ልምጣ። አላልፋቸውም፤ እውነት አላቸውና።

የመጀመሪያው የዚያ ሽማግሌ ተቃውሞ ነው፤ ሙት ዐርፏል፣ አትንኩት። እኔም በከንቱ እንዳይነካ እስማማለሁ። በመጽሐፈ ነገሥት ንጉሥ ኢዮስያስ መቃብሮችን ሲያስከፍት የእግዚአብሔር ሰው መቃብር መሆኑን በተነገረው ጊዜ ያንን አጥንት ማንም እንዳይነካው አዝዟል። ነገር ግን በዚሁ በመጽሐፍ ዮሴፍ አጥንቱን ከግብጽ እንዲያወጡት ወንድሞቹን አምሏቸው ነበር፤ ሙሴም ሕዝቡን ሲያወጣ የዮሴፍን ዐፅም ይዞ ወጥቷል። አንዱ አጥንት ይቀመጥ ተባለ፤ ሌላው ይነሣ ተባለ። እንግዲህ ነገሩ በመንካትና ባለመንካት አይደለም፤ ለምን እንደሚነካ ነው። ወገኑ የቀበረው፣ ፍትሐት የደረሰለት ሰው ዐርፏል። በግፍ ተገድሎ በጉድጓድ የተጣለው ግን ዐርፏል ማለት እኛ እንድናርፍ ብለን የምንናገረው ቃል እንዳይሆን እፈራለሁ።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከዚህ ይከብዳል። ራያ ደም የማይረሳ አገር ነው። የአባቱን ገዳይ ለመፈለግ ልጅ ሲያድግ አይተናል። መቃብር ሲከፈት የዳነ ቍስል ቢከፈትስ? እውነት ነው፤ ሊሆን ይችላል። ይሁን እንጂ አባቶቻችን በራያ ቆቦ ዘወልድ በሚባለው የዕርቅ ሥርዓት ደም ሲያደርቁ፣ ነገሩ ተሸፍኖ አልነበረም። የገደለው ታውቆ፣ የሞተው ተጠርቶ፣ በደሉ በሽማግሌ ፊት ተነግሮ ነው ዕርቅ የሚወርደው። ያልተነገረ በደል አይታረቅም፤ በየቤቱ ሹክሹክታ ሆኖ ሲያድግ ይኖራል። ሹክሹክታ ደግሞ ከአጥንት ይልቅ አደገኛ ነው፤ አጥንት የሞቱትን በቍጥራቸው ይናገራል፣ ሹክሹክታ ግን አንዱን መቶ ያደርጋል፤ አንድ ሰው የሠራውንም በሕዝብ ሁሉ ላይ ይጭናል።

ሦስተኛው፣ አጥንት ሰንደቅ ዓላማ ይሆናል የሚለው ፍርሃት ነው። ይህም በዐይናችን የታየ ነው። በ2014 ዓ.ም. ባለቤትነቱ በሚያከራክረው በወልቃይት አካባቢ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የጅምላ መቃብሮችን አገኘን ሲሉ፣ በሌላ ወገን ደግሞ «ማስረጃ ለማጥፋት የወገኖቻችን መቃብር እየተከፈተ ነው» የሚል ክስ ተሰማ። እኔ በዚህ ላይ ዳኛ አልሆንም። ይህ ግን አንድ ነገር ያስተምረናል። ከተጣሉት አንደኛው ወገን ብቻውን የከፈተው መቃብር ሌላውን አያሳምንም። ስለዚህ መቃብር የሚከፍተው እጅ የሁለቱንም ሙታን በእኩል ዐይን የሚያይ መሆን አለበት፤ የሟች ቤተሰብም፣ የሃይማኖት አባትም በቦታው ሊቆሙ ይገባል። ተመርምሮ ሲያበቃም አጥንቱ ወደ አፈር ይመለስ። በ2002 ዓ.ም. በመስቀል አደባባይ በተከፈተው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም የራስ ቅልና አጥንት በመስተዋት ውስጥ ይታያል። ያየው ሰው «ይህ እንዳይደገም» ይላል፤ ጥቅሙ አይካድም። ነገር ግን ከእነዚያ አጥንቶች አንዱ የእናቱ ልጅ መሆኑ በታወቀ ቀን ከመስተዋት ይልቅ የአጥቢያው አፈር ይገባዋል ባይ ነኝ።

ይህን ሁሉ ሳስብ ልቤ የሚሄደው በመጽሐፈ ሳሙኤል ወደ ተጻፈችው ወደ ሪጽፋ ነው። ታሪኩን ታውቁታላችሁ። ዝናም በጠፋበት በረኃብ ዘመን፣ ሳኦል በገባዖናውያን ላይ ስላፈሰሰው ደም ሰባት የሳኦል ዘሮች ለበቀል ተሰጡ፤ በተራራም ላይ ተሰቀሉ። ከሰባቱ የሪጽፋ ልጆች ሁለቱ ብቻ ነበሩ። አምስቱ የሌላ ሴት ልጆች ናቸው። ሪጽፋ ግን ማቅ አንጥፋ ከአጨዳ መጀመሪያ አንሥቶ ዝናም እስኪወርድ ድረስ ተቀምጣ፣ በቀን አሞራውን በሌሊት አውሬውን ከሰባቱም ታባርር ነበር። «እነዚህ ሁለቱ የእኔ ናቸው፤ ለአምስቱ የወለደቻቸው ትጨነቅ» አላለችም። ንጉሥ ዳዊት ይህን በሰማ ጊዜ ዕፍረት ተሰማው መሰለኝ፤ የሳኦልንና የዮናታንን አጥንት ከነበረበት አስመጣ፣ የተሰቀሉትንም አጥንት አስለቀመ፤ በአባታቸው መቃብር አስቀበረ። ከዚያም በኋላ እግዚአብሔር ስለ ምድሪቱ ተለመነ ይላል መጽሐፍ።

በቀል ሰባት ሬሳ በተራራ ላይ ተወ እንጂ ነገሩን አልጨረሰውም። የጨረሰው አጥንት ለቅሞ መቅበር ነው። ያንንም የጀመረችው ሥልጣን የሌላት፣ ጦር የሌላት አንዲት እናት ናት። በእኛም ምድር «የእኛ ነው ወይስ የእነርሱ?» የሚለውን ጥያቄ የሚሽረው እንዲህ ያለ ሰው ይመስለኛል። የእኔን ልጅ አጥንት በአድዋ ወይም በመቀሌ በኩል ያገኘ ገበሬ እንዲያከብርልኝ የምፈልግ ከሆነ፣ እኔም በጎሊና ማዶ ያገኘሁትን ላከብር ይገባኛል። ከዚህ የተለየ ሕግ አላውቅም።

እንግዲህ ምን እናድርግ? በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. የሚኒስትሮች ምክር ቤት የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲን አጽድቋል። ትልቁ ሥራ የመንግሥትና የሊቃውንት ነው። ትንሹ ሥራ ግን የእኛ ነው፤ እርሱም ይህ ነው።

አንደኛ፤ በእርሻ፣ በጎርፍ ወይም በግንባታ ቍፋሮ የሰው አጥንት ያገኘ ሰው አያንሣው፣ አይጠበው፣ በጆንያ አይሰብስበው። የአጥንቱ አተኛኘት፣ አጠገቡ ያለው ቍልፍ፣ ጨርቅ፣ የጥይት ቀለህ ሁሉ ከአጥንቱ እኩል ምስክር ነው። በጎ አደርጋለሁ ብሎ የለቀመ ሰው ሳያውቅ ምስክሩን አፍ አዘጋው ማለት ነው። ቦታውን በድንጋይ ከብቦ፣ እንስሳ እንዳይነካው ጠብቆ፣ ለሽማግሌና ለፖሊስ ያስታውቅ።

ሁለተኛ፤ ልጅ የጠፋባቸውን ቤተሰቦች እየዞርን እንጻፍላቸው። ቁመቱ ምን ያህል ነበር? የወለቀ ጥርስ ነበረው? የተሰበረ አጥንት ነበረው? ሲወጣ ምን ለብሶ ነበር? በየትኛው ቀን፣ በየት በኩል ሄደ? እናት በሕይወት ሳለች ያልተጻፈ ነገር በኋላ አይገኝም። መጻፍ የምንችል እኛ ነን፤ ደብተርና እርሳስ ከመያዝ በቀር ሌላ ወጪ የለውም። የጻፍነውንም ለቤተሰቡ እንስጥ እንጂ በየመንገዱ አናውራው።

ሦስተኛ፤ «የማን ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ሲመጣ መልሳችን አንድ ይሁን። «የእናቱ ነው» እንበል።

እነዚያ አባት ያችን ቦታ አላረሷትም። ዙሪያዋን አርሰው፣ ማሽላውንም ዘርተው፣ እርሷን ግን በድንጋይ ከብበው ትተዋታል። ለፖሊስም አስታውቀዋል። ባለፈው ሳምንት ከእኒያ ልጃቸው ከጠፋባቸው እናት ጋር ሆነን በዚያ በኩል ስናልፍ እኚህ እናት ቆም አሉና ነጠላቸውን አጣፉ። የልጃቸው ነው ብለው አይደለም፤ እርሳቸውም እኛም አናውቅም። «የአንዷ ነው» ብለው ብቻ አማተቡና መንገዳችንን ቀጠልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።